ስግደትና የኮሌስትሮል መድኃኒት



ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ጾም ምግብ አሰናዳድ ጥቂት ተነጋግረን ነበር። ዛሬም ከጾሙ ነገር ሳንርቅ፥ በየቤታችን ብዙ ሰው የሚጨነቅበትን፥ ዳሩ ግን አፍ አውጥቶ የማይጠይቀውን አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም ኮሌስትሮል የሚባለውን የደም ቅባት የሚቀንስ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ክርስቲያን፥ ጾሙንና ስግደቱን ያለ ጉዳት ይፈጽም ዘንድ እንዴት ይችላል የሚለው ነው።

ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያስገደደን የራሳችን ስሕተት ስለ ሆነ፥ ከትምህርቱ አስቀድሞ ስሕተቱን መናገር ይገባናል።

በሰፈራችን አንድ አረጋዊ አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልባቸውን በብርቱ ታመው በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ድካም ተርፈዋል፤ ከዚያም ወዲህ ማታ ማታ አንዲት የኮሌስትሮል ክኒን ይውጡ ነበር። በአንድ ዓመት በስቅለት ዕለት ከጧት እስከ ማታ በቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ዋሉ፤ ሲመሽም ካህኑ በወይራ ቅጠል ጠብጥበው ያዘዙላቸውን ስግደት ጨምረው ፈጸሙ። በትንሣኤ ማግሥት እንኳን አደረሰዎ ልንል ብንሄድ፥ ከመደቡ ለመነሣት አቅቷቸው ጭናቸውን እያሹ አገኘናቸው። «ልጄ፥ ይህ ሁሉ የክኒኑ ሥራ ነው አሉኝ፤ ጡንቻ ይበላል ይባላል። አንተ የተማርህ ነህና ምን ትላለህ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም የማናውቀውን እንደምናውቅ ሆነን፥ «እንግዲያው አባባ፥ ጥቂት ቀን ቢያርፉት ምን ይጎዳዎታል?» አልናቸው።

ሕመሙ በሳምንቱ ለቀቃቸው። እርሳቸውም ክኒኑን በመተዋቸው የዳኑ መሰላቸውና ዳግመኛ አልዋጡትም፤ ለልጆቻቸውም አልነገሩም። በነሐሴ፥ በፍልሰታ ጾም፥ ሌሊት ደረታቸውን አፍኗቸው ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። በሕይወት ተረፉ፤ ነገር ግን የልባቸው ኀይል ስለ ቀነሰ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ያለ ደጋፊ አይወጡም። ክኒኑ ባይቋረጥ ኖሮ ይህ አይደርስባቸውም ነበር ብሎ በእርግጥ የሚፈርድ ሰው የለም። ሆኖም ሐኪሙ «መድኃኒቱን ያቋረጠብዎ ማነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፥ እኛ በአጠገባቸው ቆመን ሳለን፥ «እኔው ነኝ» ብለው መለሱ። ይህ መልሳቸው ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ስለ ወጋን፥ ነገሩን ከመሠረቱ ለመማር ተነሣን፤ የተማርነውንም እነሆ ለአንባብያን እናካፍላለን።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል በተፈጥሮው ክፉ ነገር አይደለም። ሰውነታችን ሕዋሳቱን የሚገነባበትና ልዩ ልዩ ቅመሞችን የሚያዘጋጅበት፥ አብዛኛውንም ጉበት ራሱ የሚሠራው ቅባት ነው። ክፋቱ ከልክ ሲያልፍ ነው። በደም የሚመላለሰው ትርፍ ቅባት በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ፥ ደለል ቦይን እንደሚያጠብ የደም ሥሩን ያጠበዋል። አንድ ቀን ያ ጥርቃሞ ሲሰነጠቅ በላዩ ደም ይረጋል፤ መንገዱም ይዘጋል። የተዘጋው የልብ ደም ሥር ቢሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም፥ የአንጎል ቢሆን ስትሮክ ይሆናል። ይህ ሁሉ እስኪደርስ ድረስ ሰውየው ምንም ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ሳያመኝ ለምን መድኃኒት እውጣለሁ?» ይላል።

ለዚህ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኞቹ በአንድነት ስታቲን ይባላሉ። በአገራችን መድኃኒት ቤቶች የሚታወቁት አቶርቫስታቲን፥ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ናቸው። ሥራቸውም ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ማዘግየት ነው፤ ጉበትም የጎደለበትን ከደም ውስጥ እየሳበ ስለሚወስድ የደሙ ቅባት ይቀንሳል። የእነዚህ መድኃኒቶች መነሻ ሻጋታ መሆኑን ስንሰማ ተደንቀናል። አኪራ ኤንዶ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን ሲመረምሩ ቆይተው፥ በ1973 በአውሮፓ አቆጣጠር የመጀመሪያውን አገኙ። ለሕዝብ መሸጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው ስታቲን ሎቫስታቲን ሲሆን፥ ይኸውም በ1987 በአሜሪካ ነው። በ1994 ደግሞ በስካንዲናቪያ አገሮች 4,444 የልብ ሕሙማን ከአምስት ዓመት በላይ የተከታተለ ጥናት ታትሞ፥ ሲምቫስታቲን የወሰዱት ወገኖች ካልወሰዱት ይልቅ ሞታቸው በ100 30 ያህል ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ ያቺ ትንሽ ክኒን እንዲህ ያለ ጥቅም የምትሰጥ ናት፤ በተለይም አንድ ጊዜ ልቡ ለታመመ ሰው በዋዛ የምትጣል አይደለችም።

ስለ ጡንቻ የሚባለው እውነት ነውን?

እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ከሚወራው እጅግ ያነሰ ነው። ስታቲን ከሚወስዱት ጥቂቶቹን ጡንቻቸውን ያማቸዋል። ሕመሙም ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረበት ወይም መጠኑ በጨመረበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት የሚመጣ፥ በቀኝና በግራ እኩል የሚሰማ፥ ጭንን፥ ዳሌን፥ ባትንና ትከሻን የሚይዝ ነው። ከዚህ አልፎ ጡንቻው በብርቱ የሚፈርስበት፥ ሐኪሞች ራብዶማዮሊሲስ የሚሉት ጉዳት እጅግ ብርቅ ነው፤ መድኃኒቱን ከሚወስዱ 1,000 ሰዎች አንድ እንኳ አይሞላም።

በ2022 የታተመ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ፥ ስታቲን የሚወስዱ ሰዎች ከሚናገሩት የጡንቻ ሕመም ከ100 ከ90 የሚበልጠው ከመድኃኒቱ እንዳልመጣ አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2020 በለንደን ከተማ፥ ከሕመም የተነሣ ስታቲን ትተው የነበሩ 60 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተፈተኑ። በአንዱ ወር እውነተኛውን ክኒን፥ በሌላው ወር መድኃኒት የሌለበትን አምሳያውን ክኒን፥ በሌላው ወር ምንም ሳይሰጣቸው ሕመማቸውን በየቀኑ ጻፉ። በእውነተኛው ክኒን ጊዜ ከተሰማቸው ሕመም ከ100 90 ያህሉ በባዶው ክኒን ጊዜም ተሰምቷቸው ተገኘ። ይህ ሰዎቹ ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱ ግን ፍርሃት፥ ዕድሜ፥ ድካም ወይም ሌላ ነገር ነበር። ከፈተናው በኋላም ግማሾቹ ተመልሰው መድኃኒታቸውን ጀመሩ።

የአረጋዊው ጎረቤታችንም ሕመም በሳምንቱ መልቀቁ፥ ከክኒኑ ይልቅ ከስግደቱ የመጣ እንደ ነበረ የሚያመለክት ነው። ያን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ ምክራችን ሌላ በሆነ ነበር።

ሁለቱን ሕመሞች ለይቶ ማወቅ

ስግደት ለነፍስ ጸሎት ነው፤ ለሥጋ ግን ብርቱ ሥራ ነው። ሰው ሲሰግድ የሰውነቱን ክብደት በጭኑ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ምድር ይወርዳል፥ እንደ ገና ይነሣል። ጡንቻን አብዝቶ የሚያሳምመውም ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ በወንበር ተቀምጦ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ሦስትና አራት መቶ ጊዜ ቢሰግድ፥ ምንም መድኃኒት ባይወስድ እንኳ ጭኑ ይታመማል። ይህ ሕመም በማግሥቱ ይጀምራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የሠሩት ጡንቻዎች ብቻ ይታመማሉ እንጂ ያልሠሩት አይታመሙም።

ከመድኃኒቱ የሚመጣው ሕመም ግን ስግደት በሌለበትም ቀን ይኖራል፤ በሳምንት ዕረፍትም አይለቅም። ከሕመሙ ጋር ድካም አብሮት ይመጣል፤ ሰውየው ከዝቅተኛ መቀመጫ ያለ እጁ ርዳታ መነሣት፥ ደረጃ መውጣት ወይም ክንዱን ከፍ አድርጎ ራሱን ማበጠር ይቸግረዋል። እንዲህ ያለው ሰው ዝም ማለት አይገባውም፤ በዚያው ሳምንት ሐኪሙን ያነጋግር። ሐኪሙም ክሬቲን ካይኔዝ የሚባለውን፥ ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስስ ነገር ያስመረምርለታል። በዚህ ጊዜ ግን መርሳት የማይገባ ነገር አለ። ይህ ነገር ከብርቱ ስግደትም በኋላ በደም ውስጥ ከፍ ስለሚል፥ ሕመምተኛው «በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ሰግጃለሁ» ብሎ መናገር አለበት። ያለዚያ ሐኪሙ የስግደቱን ፍሬ የመድኃኒቱ ጉዳት አድርጎ ሊፈርድበት ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ምልክት ደግሞ ይህ ነው፤ ከብርቱ የጡንቻ ሕመምና ድካም ጋር ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሰው፥ የበዓሉን ማለፍ ሳይጠብቅ፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። የፈረሰው ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ማዮግሎቢን የተባለ ነገር ኩላሊትን ሊያቆም ይችላልና። ጥሙ ሲበረታ ደግሞ ኩላሊት ይበልጥ ይጎዳል። የቀንም ሆነ የሌሊት መዘግየት፥ የትንሣኤ ሌሊትም ቢሆን፥ ምክንያት ሊሆነን አይገባም። እዚያም ሲደርሱ የሚውጡትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዞ መገኘት መልካም ነው።

እንግዲህ ስግደት ይቅር ወይ?

አይቅር። የሰውነት እንቅስቃሴ ራሱ የልብ መድኃኒት ነው። በ2023 ከሆላንድ አገር የታተመ ጥናት፥ በናይሜኸን ከተማ በሚደረገው የአራት ቀን የእግር ጉዞ በየቀኑ 30፥ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር የተጓዙትን ሰዎች መርምሮ፥ ስታቲን የሚወስዱት ከማይወስዱት ይልቅ ጡንቻቸው እንዳልተጎዳ አሳይቷል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መተው ሳይሆን መለማመድና ልክን ማወቅ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ የሚስማማ ሥርዓት አላት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሕማማትም በመጨረሻው ነው እንጂ በመጀመሪያው አይደለም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዘወረደ ሳምንት በቀን አምስት ወይም አሥር ስግደት ቢጀምር፥ በቅድስት፥ በምኵራብና በመፃጉዕ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ቢሄድ፥ በደብረ ዘይት፥ በገብር ኄርና በኒቆዲሞስ ሰውነቱ ለምዶ ያገኘዋል፤ ሆሣዕናም ሲደርስ በሕማማት ስንት ሊሰግድ እንደሚችል ከራሱ ጉልበት ይማራል። በእነዚህ ሳምንታት ሳይቸገር ያደረገውን በአንድ ቀን አሥር እጥፍ ለማድረግ ግን አይነሣ። በየሰዓቱ የሚሰገደውን 41 ስግደት በአንድ ትንፋሽ ሊጨርስ የማይችል ቢኖር፥ ከፊሉን ሰግዶ ከፊሉን ቆሞ በጸሎት ይፈጽመው። ከታች ምንጣፍ ቢኖር፥ ሲወርዱና ሲነሡም እጅን መሬት ማስደገፍ ቢለመድ ጉልበት ያርፋል።

ደግሞም አባቶቻችን ስግደትን አንድ ዓይነት ብቻ አላደረጉትም። ግንባር ምድር የሚነካበት ሰጊድ አለ፤ ጉልበት የሚንበረከክበት አስተብርኮ አለ፤ ራስን ዝቅ የሚያደርጉበት አድንኖ አለ። በሰንበት፥ በበዓለ ኀምሳና ከቅዱስ ቍርባን በኋላ አይሰገድም። ይህን ያደረጉ አባቶች የሰውን ድካም የማያውቁ አልነበሩም። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጽ የታመመውን ሰው ከጤነኛው ለይቶ ያየዋል። ስለዚህ ሕመምተኛ የሆነ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ፥ «አባቴ፥ እንዲህ ያለ ሕመም አለብኝ፥ እንዲህ ያለ መድኃኒት እወስዳለሁ» ብሎ ይንገራቸው። እርሳቸውም ሰጊዱን ወደ አስተብርኮ ወይም ወደ አድንኖ፥ ቍጥሩን ወደ ጸሎትና ወደ ምጽዋት ሊለውጡለት ይችላሉ። በስቅለትም ዕለት ወደ ጥብጣቡ ሲቀርብ ሕመሙን አስቀድሞ ቢናገር ያዘዙት ካህን በልኩ ያዙለታል። ሕመምን ደብቆ ቀኖና መቀበል ትሕትና አይደለም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና።

ስለ ጾም፥ ስለ ውሃና ስለ ክኒኑ ሰዓት

ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ እህልም ውሃም ሳይቀምስ ይውላል። ውሃ የጎደለው ሰውነት በብርቱ ሲሠራ ጡንቻውም ኩላሊቱም ይጎዳል። ስለዚህ በጾሙ መፍቻ ሰዓት ውሃን በአንድ ጊዜ ከመጋት ይልቅ እስከ መኝታ ድረስ ደጋግሞ መጠጣት ይገባል። ስቅለትን ውሎ እስከ ትንሣኤ ሌሊት አክፍሎት ለመያዝ የሚያስብ የልብ፥ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ፥ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ሳይመክር ብቻውን አይወስን። ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትም ስለሚወስድ፥ ከስግደት ሲነሣ ዓይኑ ቢጨልም፥ ላብ ላብ ቢለው ወይም ደረቱን ቢጨንቀው ወዲያው ይቀመጥ፤ አጠገቡ ላለውም ይናገር።

ክኒኑን ስለ መዋጥ ግን ጾም ችግር አያመጣም። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በቀኑ በፈለጉት ሰዓት፥ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳሉ፤ ሲምቫስታቲን በማታ ይወሰዳል። ስለዚህ በሌላ ጊዜ ጧት ይውጥ የነበረ ሰው ከሐኪሙ ወይም ከመድኃኒት ቤት ባለሙያው ጋር ተነጋግሮ በጾም ወራት ወደ ማታ ሊያዛውረው ይችላል። ይህን ማድረግ እየተቻለ ሁለት ወር ሙሉ ያለ መድኃኒት መክረም ግን ታላቅ ስንፍና ነው። አንድ ቀን የረሳም ሰው በማግሥቱ አንዷን ብቻ ይውጣ እንጂ ሁለት አያድርግ። መድኃኒቱን አዲስ የሚጀምር ወይም መጠኑ የሚጨመርለት ሰው ደግሞ የሕማማት ሳምንት እንደ ቀረበ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሁለቱ ጅማሬ በአንድ ሳምንት ቢገጥም የሕመሙን ምክንያት መለየት ያስቸግራልና።

ከመድኃኒቱ ጋር የማይስማሙ ነገሮች

ጡንቻን ከሚጎዱት ምክንያቶች ብዙዎቹ ሌላ መድኃኒት ከስታቲን ጋር በመደረቡ የሚመጡ ናቸው። ለጉሮሮና ለሳንባ የሚሰጡት ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፥ ለፈንገስ የሚሰጡት ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል የተባሉት ክኒኖች፥ እንዲሁም አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች፥ ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን በደም ውስጥ ከልክ በላይ እንዲጠራቀሙ ያደርጋሉ። ጌምፋይብሮዚል የተባለውም ሌላ የቅባት መድኃኒት እንዲሁ አደገኛ ነው። ሴሪቫስታቲን የተባለው ስታቲን በ2001 ከገበያ የወጣው ጡንቻ በማፍረሱ ነበር፤ ከጌምፋይብሮዚልም ጋር ሲደረብ ጉዳቱ ይበረታ ነበር። እንግዲህ ለጉንፋንም ቢሆን ወደ መድኃኒት ቤት ስንሄድ፥ «የኮሌስትሮል ክኒን እወስዳለሁ» ማለትን ልማድ እናድርግ። ግሬፕ ፍሩት የተባለው መራራ የብርቱካን ወገንም ጭማቂው በብዛት ሲጠጣ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ዕድሜው የገፋ፥ ሰውነቱ የቀጠነ፥ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመ፥ የታይሮይድ ዕጢው ሥራ የደከመበት፥ መጠጥም የሚያበዛ ሰው ከሌላው ይልቅ ይጠንቀቅ። ለመውለድ የምታስብ ወይም ያረገዘች እናትም ይህን መድኃኒት ትወስድ እንደ ሆነ ሳትዘገይ ለሐኪምዋ ታስታውቅ።

ስለ ምግቡ አንድ ቃል እንጨምር። ሽሮው፥ ምስሩ፥ ጎመኑና ተልባው ለልብ የተስማሙ ናቸው። ዳሩ ግን ቅቤን ጾመን በፓልም ዘይት የተጥለቀለቀ ወጥ ብንበላ፥ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ቅባት ስለ ሆነ፥ የጾሙን ጥቅም በድስቱ እናፈስሰዋለን። በፋሲካም የ55 ቀኑን ሁሉ በአንድ ቀን ለመካስ መነሣት ለነፍስም ለሥጋም አይበጅም።

ስለ ዮጋ ለሚጠይቁን

በውጭ አገር የሚኖሩ፥ በአዲስ አበባም ያሉ ወጣቶች፥ ሐኪም ወይም የሥራ ባልደረባ ዮጋ እንዲሠሩ እንደሚመክራቸው ይነግሩናል። ዮጋ በህንድ አገር ከጥንት ከሃይማኖት ትምህርት ጋር ተሳስሮ የመጣ ነገር ስለ ሆነ፥ ስለ መንፈሳዊው ወገን ንስሐ አባትን መጠየቅ ይገባል፤ በዚህ የጤና ዓምድ አንፈርድበትም። ስለ ሥጋው ወገን ግን ለኮሌስትሮል መድኃኒት ተጠቃሚ ሕጉ አንድ ነው፤ ማንኛውንም ሰውነትን የሚለጥጥ እንቅስቃሴ ቀስ ብሎ መጀመር፥ ሕመም በመጣበት ጊዜ አለመግፋት፥ ሽንቱን መመልከት። በተለይም በጋለ ክፍል ውስጥ እያላበ የሚሠራው ዓይነት ውሃን ከሰውነት ስለሚያሟጥጥ፥ ለጾመኛና ለመድኃኒት ተጠቃሚ የሚመከር አይደለም። እንቅስቃሴ የሚፈልግ ሰው ጧት በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመላለስ እርሱም ትልቅ ነገር ነው።

መደምደሚያ

አንዳንድ ሰዎች መድኃኒት መውሰድን የእምነት ጕድለት አድርገው ያዩታል። መጽሐፈ ሲራክ ግን ባለመድኃኒትን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለመድኃኒት ነበረ። ከሻጋታ የተገኘችውም ክኒን ከዚያው ከአምላክ ፍጥረት የወጣች ናት። በጠዋት ጠበል ጠጥቶ በማታ ክኒኑን የሚውጥ ክርስቲያን ሁለት ጌታ አላመለከም።

የቤተሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት አንድ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ፥ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ወረቀት አስጽፉ፤ ያቋረጣችሁትም ካለ ተናገሩ። ልጆችም ሆይ፥ «አባባ፥ ክኒንዎን ወሰዱ?» «እማማ፥ ጭንዎን ያምዎታል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅን አትፈሩ። ጐረቤትም ቢጠይቀን፥ የማናውቀውን ከመመለስ ይልቅ «ነገ አብረን ሐኪሙ ዘንድ እንሂድ» ማለትን እንልመድ።

አረጋዊው ጎረቤታችን ዛሬ መድኃኒታቸውን በየማታው ይወስዳሉ። በስቅለት ዕለትም በንስሐ አባታቸው ፈቃድ በዐውደ ምሕረቱ ጥግ በወንበር ተቀምጠው፥ ሕዝቡ ሲሰግድ እርሳቸው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ባለፈው ዓመት በአጠገባቸው ቆመን ሳለ፥ ከስግደታችን ቀና ስንል፥ «ልጄ፥ ቀስ በል፤ ገና ሰዓቱ ረጅም ነው» አሉን። እኛም ምክራቸውን ተቀበልን፤ ያን ጊዜ እኛ ከሰጠናቸው ምክር የእርሳቸው ይሻል ነበርና።

እግዚአብሔር አምላካችን ጾማችንን የበረከት፥ ስግደታችንንም የተቀበለው ያድርግልን፤ አሜን።